ወይዘሮ የሺመቤትና የዋለው ጡት

ባለፈው ክረምት አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ መንገድ ላይ አስቁሞ ወይዘሮ የሺመቤት መሞታቸውን ነገረኝ። እሱም ከሰው የሰማው ነው። ደብረ ታቦር ተቀብረዋል፣ ሰልስታቸውም ወጥቷል አለኝ። እኔ ሰው ፊት ማልቀስ አይሆንልኝም። ምክንያቱ ለራሴም ሳይገባኝ አመስግኜው ተለየሁና ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስሁ። በማግሥቱ ለቅሶ የምደርስበትን ቤት ለመጠየቅ ቴሌ ሄጄ ተሰለፍሁ። ተራዬ ሲደርስ ደብረ ታቦር ተዛውረው ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ደወልሁ። ስልኩን ያነሣው ሰውዬ ስማቸውን ስነግረው «ይጠብቁ» ብሎኝ ሄደ። ቆይቶ አንድ የማውቀው ጎርናና ድምፅ በመስመሩ መጣ።

«ማነው የገደለኝ?»

እጀታውን በሁለት እጄ ያዝሁት።

«ዝም ካልሽማ አንቺ ነሽ ማለት ነው» አሉ፣ ስሜን ጠርተው። «አይዞሽ። የሞተችው የኛ ሰፈር ቄስ ባለቤት ናት፤ ስሟ ስሜ ነው። ነፍሷን ይማርና፣ ይኸው እኔ ገበያ ስወጣ ሰው ያማትብብኛል።»

ከዚያ ሳቁ። እኔ ቴሌ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰልፈኛ እያየኝ፣ ያኔ ነው ያለቀስሁት። ነጠላዬን እዚያው ቆሜ አስተካክዬ ለበስሁ።

እኛ አገር ሰው ደህና ተደርጎ የሚመሰገነው አልቃሽ ስትነሣ ነው። የሚመሰገነው ሰው ግን አይሰማም። እኔ በዚያ ሳምንት ለለቅሶው ብዬ በልቤ የሰበሰብሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ሴትዮዋ በሕይወት ካሉ ምን ላድርገው? ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ወይዘሮ የሺመቤት ባሕር ዳር ኮሌጅ ሳለሁ ባዮሎጂ አስተምረውኛል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሴት ናቸው። መነጽራቸው እየተንሸራተተ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሲደርስ በእጃቸው አንጓ ወደ ላይ ይገፉታል፤ ጣታቸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነክቷልና። ማንኛውንም ነገር ከማየታቸው በፊት ያሸታሉ። ሐይቁ ዳር ለናሙና ሲወስዱን የተቆረጠ ደንገል ያሸታሉ፣ ጭቃውን ያሸታሉ፣ ዓሣ አጥማጁን ሳያፍሩ እጁን ይዘው ያሸታሉ። አንድ ቀን የአንዱን ተማሪ የፈተና ወረቀት አሽትተው «ይኸ ወረቀት ያደረው ምግብ ቤት ነው፤ ከማን ላይ ገለበጥኸው ልበል ወይስ በምን በላኸው ልበል?» ብለውታል።

ትዳርም ልጅም አልነበራቸውም። ስለ ወሊድና ስለ ሕፃናት አንጀት ግን ከርሳቸው በላይ የሚያወራ አልነበረም፤ ለዚህም ብዙ ይታሙ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ገብተው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ «ብቻውን የተወለደ እጁን ያውጣ» አሉ። እጃችንን አወጣን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የመራዊ ልጅ ብቻ መንታ ስለሆነ እጁን አላወጣም። ወይዘሮ የሺመቤት እሱን አመስግነው ለቀረነው ዜሮ ሰጡን።

«እናታችሁ ሆድ ውስጥ ብቻችሁን ነበራችሁ፤ እሺ» አሉ። «ደጃፉን ስታልፉ ግን እናታችሁ ከገላዋ የማይታዩ እንግዶች አስይዛ ነው የላከቻችሁ። አንጀታችሁ ገብተው ጎጆ ቀለሱ። ጡቷን ስትሰጣችሁ ደግሞ ሌሎች ጨመረችባቸው። የእርጎ ቅል አታውቁም? ታጥቦም ታጥኖም ግድግዳው ላይ የሚቀረው ነው የነገውን ወተት እርጎ የሚያደርገው። እናንተ ቅሉ ናችሁ። እርሾው የእናታችሁ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪው በሙሉ «እትዬ እርሾ» ይላቸው ነበር። ያውቁ ነበር፤ ደስ ይላቸውም ነበር መሰለኝ። በውይይት ክበብ አንድ ካድሬ ተነሥቶ፣ ጓድ የሺመቤት ስለ ባክቴሪያ እንጂ ስለ አብዮቱ ሲናገሩ አይሰሙም ብሎ ከሰሳቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አልነበረም። እሳቸው መነጽራቸውን በአንጓቸው ገፍተው፣ «ጓድ፣ እኔ የማስተምረው በጋራ ስለ መኖር ነው፤ እርስዎ ከዚህ የተለየ ነገር ነው እንዴ የሚያስተምሩት?» አሉት። ሰውዬው ተቀመጠ። እኛ ከአዳራሹ እስክንወጣ ድረስ አልሳቅንም።

እኔ በክፍላቸው ውስጥ አንድም ቀን እጄን አውጥቼ አልጠየቅሁም። ስለዚህ ከርሳቸው ጋር ያቀራረበን የኔ ድፍረት አይደለም። የእህቴ ልጅ ነው።

በዚያን ጊዜ የምኖረው ዓባይ ማዶ፣ ታላቅ እህቴ ውብዓለም ዘንድ ነበር። ውብዓለም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ባሏ የመንገድ ሥራ ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። የምንኖረው በአንድ የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ በኪራይ ነበር። የነጋዴው ሚስት እትዬ ዘይነብ አፏ የማይዘጋ፣ እጇ የማይሰስት ሴት ናት። እሷና እህቴ በአንድ ሰሞን ወለዱ፤ ዘይነብ ሴት፣ እህቴ ወንድ። የእህቴን ልጅ ምትኩ አልነው። ስሙ እንደሚናገረው ከርሱ በፊት የሞተ ልጅ ነበር፤ ክርስትና ተነሥቶ፣ መሳቅ ጀምሮ ነበር። እህቴ ስለርሱ አታወራም ነበር፤ እኛም አንጠይቃትም።

የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሥራ ስትገባ ምትኩን ቀን ቀን ለዘይነብ ሰጠችው። ዘይነብ ከበሩ አጠገብ ምንጣፏ ላይ ትቀመጥና የራሷን ልጅ በአንድ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጡት፣ ምትኩን በሌላው ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጡጦ ትሰጣለች። በጡጦው ውስጥ ያለው እህቴ ከደመወዟ ቀንሳ የምትገዛው የቆርቆሮ ወተት ነው። የደመወዝተኛ ልጅ የቆርቆሮ ወተት ሲጠጣ ያኔ ያስከብር ነበር። ከትምህርት ስመለስ ሁለቱን ልጆች እንዲያ ተደርድረው አያቸው ነበር፤ ግን አንድም ቀን ምንም ጥያቄ አልመጣብኝም።

እህቴ ከጠዋት ፈረቃ ስትመለስ የምታደርገው አንድ ነገር ነበር። ልጇን ሳታቅፍ በቀጥታ ወደ ጓሮ ትዞርና፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጡቷን መሬት ላይ ታልበዋለች። የዋለ ጡት ነው ትላለች። እናት ከልጇ ርቃ፣ ፀሐይና ሙቀት ውስጥ ስትውል ጡቷ ውስጥ ያለው ወተት ይሻግታል፣ ልጅ ያሳምማል ተብሎ በኛ ዘንድ ይታመናል። እናቴም እንዲያ ታደርግ ነበር፤ የማውቃቸው ሴቶች ሁሉ ያደርጉታል። አዲሱ እስኪወርድ ድረስ አፍስሳ፣ ጡቷን ታጥባ፣ ከዚያ ነው ምትኩን የምትቀበለው።

ዝናብ እንደ ጀመረ ምትኩን ተቅማጥ ያዘው። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ሕይወት አድን የሚሉትን በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጠችን፤ ጡጦውን ተዉት፣ የእናቱን ጡት አብዝቶ ይጥባ አለች። እህቴ እሺ ብላ ወጣች። ቤት ስትደርስ ያደረገችው ግን ተቃራኒውን ነው። ማታ ማታ የምትሰጠውን ጡት እንኳ ጨርሳ ከለከለችው። ወተቷን በሙሉ ጓሮ ታፈስሳለች፣ ለርሱ የቆርቆሮውን ትበጠብጣለች። ነርሷ ያለችውን ባስታውሳት «አንቺ አልወለድሽ» አለችኝና ፊቷን አዞረች። ሕይወት አድኑን ስንሰጠው ትንሽ ይነቃል፤ ጡጦውን ሲጠጣ ተቅማጡ መልሶ ይይዘዋል። የራስ ቅሉ መሀል ያለው ለስላሳ ቦታ ጎደጎደ። ማልቀሱንም እየተወ መጣ፤ ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ለወይዘሮ የሺመቤት ልነግራቸው ብዙ ጊዜ ቢሯቸው በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ያዙኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃ እያጠብሁ ሳለሁ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉና ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ አንሥተው አሸተቱት።

«ቤትሽ የታመመ ሕፃን አለ» አሉኝ። «ጡጦ የሚጠጣ።»

ያኔ ሁሉንም ነገርኋቸው። በሕይወቴ ያን ያህል በአንድ ትንፋሽ የተናገርሁ አይመስለኝም። አላቋረጡኝም። ስጨርስ አፍንጫ ሐኪም አይደለም፣ የነርሷን ቃል ጠብቁ፣ ሕይወት አድኑን አታቋርጡ ካሉኝ በኋላ፣ በነጋታው የሁለቱንም ልጆች የቆሸሸ የሽንት ጨርቅ ለየብቻ ጠቅልዬ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ።

የዓባይ ድልድይ ላይ ፍተሻ አለ። እንደ ዕድሌ ሆኖ በዚያ ጠዋት ወታደሩ የእያንዳንዱን ሰው ዕቃ ይፈትሽ ነበር። ዘንቢሌን እያየ ምንድን ነው አለኝ። የትምህርት ዕቃ ነው አልሁት። ምን ትምህርት አለኝ። መልስ ስፈልግ ተጠራጠረና የመጀመሪያውን ጥቅል ራሱ ፈታው። ለተወሰነ ጊዜ እሱም እኔም፣ ከኋላዬ የተሰለፈውም ሰው፣ ጨርቁን አየነው።

«ይኸንንም ትማራላችሁ?» አለ።

«መምህራችን አምጪ ብለውኝ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«የጎረቤት ነው።»

መልሶ በጥንቃቄ ጠቀለለልኝ። «ሂጂ እህቴ» አለ፤ «ይኸስ ፀረ አብዮት አይመስልም።» የሰልፉ ሳቅ ከድልድዩ ማዶ ድረስ ተከተለኝ። ወይዘሮ የሺመቤት ይህን ስነግራቸው ወንበር ፈልገው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ።

ከዚያ ሥራ ጀመሩ። ከየጨርቁ ትንሽ ትንሽ ወስደው ቀጭን መስታወት ላይ ቀቡ፣ በእሳት አደረቁ፣ ቀለም አፈሰሱ፣ አጠቡ። ማይክሮስኮፑን አስተካክለው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። የዘይነብ ልጅ መስታወት ላይ የነበሩት ሁሉም ለማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ሐምራዊ በትሮች፣ አንዳንዶቹ ጫፋቸው እንደ ወንጭፍ ባላ የተሰነጠቀ። የምትኩ ግን ሐምራዊም ቀይም፣ ክብም ረጅምም የተደባለቀበት፣ እንደ ቅዳሜ ገበያ የተተራመሰ ነበር።

«ይኸ ብቻውን በሽታውን አይነግረንም» አሉኝ። «ከጡጦው ውሃ ይሁን ከሌላ፣ አላውቅም። የሚነግረን ማን ቤት እንደ ገባና ማን ቤት እንዳጣ ነው። የእናት ወተት ውስጥ አንድ ስኳር አለ፤ ልጁ ራሱ ሊፈጨው አይችልም። ታዲያ ለማን የተሠራ ይመስልሻል?»

አላውቅም አልሁ።

«ለነዚህ ባለ ባላዎቹ። ደግ ባለቤት እንግዳ ሲመጣባት ለእንግዳው እንጀራ፣ ለበቅሎው ገብስ ታቀርብ የለም? እናትም እንደዚያው ናት። ለልጇም ለልጇ እንግዶችም ነው የምታጠባው። እነሱ ሲጠግቡ ሌላውን ወሮበላ በር ይዘጉበታል። የቆርቆሮው ወተት የበቅሎውን ድርሻ ረስቶታል።»

በማግሥቱ ረቡዕ ነበር። ከሰዓት በኋላ ድልድዩን በእግራችን ተሻግረን ቤት መጣን። እህቴ ገና ከፋብሪካ አልተመለሰችም። ዘይነብ ምንጣፏ ላይ ሁለቱን ልጆች ይዛ አገኘናት። ወይዘሮ የሺመቤት ጫማቸውን አውልቀው አጠገቧ ቁጭ አሉና ሁለቱንም ልጆች አሸተቱ። ከዚያ አንዱን ጉልበቷን፣ ከዚያ ሌላውን እያዩ ለምን ሁለቱንም እንደማታጠባ ጠየቋት። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ወላሂ ጡቴ ለሁለት ይበቃል» አለች ዘይነብ። «ግን በኛ ሃይማኖት ካጠባሁት ልጄ ሆነ ማለት ነው። እናቱ ሳትጠይቀኝ የሰው ልጅ እሰርቃለሁ እንዴ?»

እህቴ በበኩሏ ያልጠየቀቻት፣ ዘይነብ በሃይማኖት ምክንያት ትጸየፈው ይሆናል ብላ እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ። ሁለቱም ጨዋ ሴቶች ስለሆኑ ልጁ በጨዋነታቸው መሀል ሊሞት ነበር።

እህቴ መጣች። እንግዳ ማየቷ ግራ ቢያጋባትም በአክብሮት ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው፤ እንደ ልማዷም ወደ ጓሮ ልትዞር ስትል ወይዘሮ የሺመቤት ቆይ አሏት። ስለ እንግዶቹ፣ ስለ በቅሎውና ስለ ገብሱ፣ ስለ ሐምራዊዎቹ በትሮች፣ ለእኛ እንደሚያስተምሩት አድርገው ሁሉንም ነገሯት። እህቴ በየመሀሉ እሺ ትላለች። የኛ አገር ሰው ሦስት ጊዜ እሺ ካለ እምቢ ማለቱ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ ወይዘሮ የሺመቤትም የደብረ ታቦር ሰው ናቸውና ያውቁታል። ንግግራቸውን አቋረጡ።

«ከኔ የምትደብቂው ምንድን ነው የኔ እናት?» አሏት።

እህቴ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ እስኪመስል ድረስ ተናገረች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ የቀን ሥራ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ስትመለስ ልጁ ሲያለቅስ ከበር ሰማችው፤ አሳዘናት፤ ጓሮ ሳትዞር፣ ሳታፈስስ፣ ቆማ እንዳለች አጠባችው። በዚያው ሳምንት ታሞ ሞተ።

«በገዛ ጡቴ ነው የገደልሁት» አለች። «ይኸንንም ያሳመመው እሱ ነው። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ።»

እኔ እህቷ ነኝ፤ አንድ ቤት እያደርን ይህን አላውቅም ነበር። ዘይነብ ልጆቹን ወደ ራሷ ሰብሰብ አደረገቻቸው። ወይዘሮ የሺመቤት ወደ እህቴ ጎንበስ አሉ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ደርሶ እንኳ አልገፉትም።

«ስሙ ማን ነበር?» አሉ።

«ደሳለኝ።»

«ደሳለኝን ምን እንደ ገደለው አላውቅም። አልነበርሁም፣ አላየሁትም፤ አውቃለሁ ብልሽ እዋሻለሁ። ጡትሽ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ጡት እንስራ አይደለም ልጄ፤ ውስጡ ያለ ወተት አይሻግትም። የሚሻግተው ጡጦ ውስጥ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ንጹሕ ብርጭቆ እንዳመጣ ነገሩኝ። ብርጭቆውን ለእህቴ ሰጧት። «መሬት ላይ የምታፈስሺውን እዚህ ላይ አድርጊልኝ» አሏት።

እህቴ ጓሮ ሄዳ ተመለሰች። ብርጭቆው ከግማሽ በላይ ሆኖ ነበር። ወይዘሮ የሺመቤት ተቀበሏት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ቀና ብለው እስከ መጨረሻው ጠጡት።

«እትዬ!» አለች ዘይነብ። «ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ? እናንተ ትጾሙ የለም?»

«ለንስሐ አባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ። አንቺ ብቻ ቀድመሽ እንዳታሳብቂብኝ።» አፋቸውን ጠርገው ምንጣፉ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። «አሁን እዚሁ እቀመጣለሁ። ሆዴን ካመመኝ አንቺ ልክ ነሽ፤ ለምትኩ የወደድሽውን ስጪው። ካላመመኝ ግን ታጠቢዋለሽ።»

ተቀመጡም። ከዘይነብ ጋር ስለ አቡጀዲ ዋጋ ተጨዋወቱ፣ የስኳር ሰልፍ አሙ፣ የዘይነብን ልጅ አስታቀፏቸውና ቀሚሳቸው ላይ ሸናችባቸው። እህቴ በሩ ላይ ቆማ እሳት ላይ የተጣደ ድስት እንደሚያዩት ታያቸው ነበር። ሲስሉ ትደነግጣለች፤ ሲስቁ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ መጥታ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«ምንም አላመመዎትም?»

«ርቦኛል» አሏት። «ረቡዕ ነው ብላ ዘይነብ እህል አልሰጥ አለችኝ።»

እህቴ ምትኩን ከዘይነብ ጉልበት ላይ አነሣችው። ጡቷን ሰጠችው። መጀመሪያ አልያዘውም፤ ረስቶት ነበር፣ ጉልበትም አልነበረውም። ዘይነብ ጉንጩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ ያዘው። አራታችንም ሲውጥ አዳመጥነው።

በዚያችው ምሽት ዘይነብ ወጉን አስተካከለች። እህቴ ለምናት፣ እሷ ፈቅዳ፣ ቀን ቀን ልታጠባው ተስማሙ። «እንግዲህ ወንድሟ ሆንህ፤ ልጄን ልታገባት አይቻልህም» አለችው ምትኩን በቁጣ። እህቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማኋት፤ «ቀድሞስ ልትድሪለት ነበር?» አለቻት።

ሕይወት አድኑን እየሰጠን፣ ጤና ጣቢያም እያመላለስነው ሰነበትን። ወይዘሮ የሺመቤት ከትምህርት በኋላ ብቅ እያሉ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት የሽንት ጨርቁን ይጠይቃሉ፤ አሽትተው ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ግን አሸተቱና ደግመው አሸተቱ፤ ጨርቁን ለእኔም ለዘይነብም አዞሩት። እርጎ እርጎ ይል ነበር። የጓሮው መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች፣ ሦስት ሴቶች አንድ ጨርቅ አሽትተው ሲተቃቀፉ ምን እንዳሉን እግዜር ይወቅ።

ከቆየ በኋላ፣ አንድ ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። ወተቱን መጠጣትዎ ማስረጃ አይሆንም፤ የትልቅ ሰው ሆድ የሕፃን ሆድ አይደለም አልኋቸው። መልሱን እየፈራሁ ነበር የተናገርሁት። እሳቸው ግን ደስ አላቸው።

«ልክ ነሽ፣ አይሆንም» አሉኝ። «እህትሽ ግን የጎደላት ማስረጃ አልነበረም። አብሯት የሚጠጣ ሰው ነው።»

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። ምትኩ ጥርሱን መንቀል ጀምሯል። ዘይነብን እማ፣ እናቱን ውቤ ይላል፤ ሁለቱም ይሰድቡታል።

ስለ ወይዘሮ የሺመቤት ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚመጣብኝ ግን የዚያ ክረምት አንድ እሑድ ነው። ሐይቁ ዳር ወዳለው ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን፤ እሳቸው የረቡዕዋን ሊናዘዙ ነው። ንስሐ አባታቸው ታሪኩን ሲሰሙ መስቀላቸው ከእጃቸው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቁ፤ ጥቂት ስግደት ሰጥተው አሰናበቷቸው። እህቴ ደሳለኝ ከተቀበረ ጀምሮ ከቅጽሩ ደጃፍ አልፋ ገብታ አታውቅም ነበር፤ ውጭ ቆማ ተሳልማ ነው የምትመለሰው። ያን ዕለት ግን ለማናችንም ሳትናገር ገባች። ልከተላት ስል ወይዘሮ የሺመቤት ክንዴን ያዙኝ። ከዋርካው ሥር ቆመን ከሩቅ አየናት። የደሳለኝን መቃብር ሣር በእጇ ገለጥ ገለጥ አደረገች፤ ተቀመጠች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየናል። ምን እንዳለችው አልጠየቅኋትም።

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን በደንብ ተኝቶ እንዳደረ ሰው ፊት ሆኖ ነበር። የቀሚሷ ደረት በሁለቱም በኩል ርሷል። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ሞላ» አለችን። «ቶሎ እንሂድ፣ ልጄ ይጠብቀኛል።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ቁልቁል መንገዱን ያዘች። እኔና ወይዘሮ የሺመቤት ልንደርስባት አልቻልንም። ድልድዩን ስትሻገር ከኋላዋ አየናት፣ ከዚያ ከሰው ጋር ተቀላቅላ ጠፋችብን። እያለከለክን ግቢው ስንደርስ ደጁ ላይ አገኘናት፤ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ጓሮ ሳትዞር፣ ከዘይነብ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ታጠባዋለች።